የቡኮቶ ደብተሮች

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እዚህ ያለነው ኡጋንዳ ስለሆነ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቡኮቶ ውስጥ ሐበሻ የከፈተው ንግድ ሁሉ አንድ ደብተር አያጣም ነበር፤ የዱቤ ደብተር። ምግብ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ጸጉር ቤቱም፣ ጋራዡም ነበረው። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት የተማሪ ደብተር ነው፤ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሮበታል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ስም ሁልጊዜ ስለማይታወቅ «ረጅሙ»፣ «የማኬሬሬው ልጅ»፣ «ነጩ ፍላት ሁለተኛ ፎቅ» እየተባለ ይጻፋል። ሲከፍል ይሰረዛል። ሳይከፍል አገር ለቆ ከሄደ ገጹ ይቀደድና ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል።

ደብተሩ ሌላው ሰው ለባለቤቱ ስንት እንዳለበት ይናገራል። ባለቤቱ ለማን ስንት እንዳለበት፣ ወሩን አትርፎ ይሁን ከስሮ የጨረሰው ግን የትም አልሰፈረም። ያ በጭንቅላት ነው የሚያዘው። ማታ መሳቢያው ሲከፈት ሽልንግ ካለ ንግዱ ደኅና ነው፤ ከሌለ ቀኑ ቀዝቅዟል፣ ወይም ሰው ዓይኑን ጥሎበታል። በዚያ ዘመን የተዘጋ ንግድ ሁሉ ምክንያቱ ምቀኛ፣ አከራይ ወይም ዕድል ነበር። በሒሳብ ጉድለት ተዘጋ ሲባል የሰማሁት አንድም የለም።

ቡኮቶ ከካሞክያ ወጣ ብሎ ወደ ንቲንዳና ወደ ኪሳሲ የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙበት ሠፈር ነው። ቡናማና ነጭ የሚባሉት የመኖሪያ ፍላቶች አሉበት፣ የፍላቶቹን ነዋሪ የሚያገለግሉ ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። አብዛኛው ሐበሻ የሰፈረው ካባላጋላና ካንሳንጋ ስለሆነ እዚህ የቀረነው ጥቂት ነበርን፤ ጥቂት ስለነበርንም የእያንዳንዱ ሰው ንግድ ሲከፈትና ሲዘጋ ሁላችንም እናያለን። አገሩ ደግሞ ሠርተህ ብላ የሚል አገር ነው። በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው እንዲዘዋወርና እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ይህን የማይፈቅዱ አገሮች ስንቱን ሰው እጁን አጣጥፎ እንዳስቀመጡት አውቃለሁና የኡጋንዳን ውለታ በቀላሉ አላየውም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ንግዶቻችን ሲዘጉ በሕጉ ማሳበብ አንችልም ነበር።

ከመካከላችን ሒሳብ ያወቀ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። በ1943 በተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁላችን ኮሜርስ በምንለው፣ ተምረው በደርግ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ካምፓላ ሲመጡ ያንን ሙያ የሚፈልጋቸው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ይቀመጡና ጋዜጣ ያነባሉ፤ ቡናቸውን ሲከፍሉ ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ደረሰኝ የሚባል ነገር ስላልነበረ እትዬ፣ ባለምግብ ቤቷ፣ ትስቃለች።

ሳቁ የቆመው የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ የቀነሰ ጊዜ ነው። በ2005 እና በ2006 መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ካምፓላ ማታ ማታ በጄኔሬተር ጩኸት ተሞላች። እትዬም አንድ አሮጌ ጄኔሬተር ገዛች። ቤቱ ሰው አላጣም። እንዲያውም መብራት ያለበት ቤት ፍለጋ የሚመጣው በዛ። መሳቢያው ግን በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። ከአከራዩ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከሥጋ ሻጩ መደበቅ ጀመረች። «ሰው እየበላ እኔ እየራበኝ ነው» ስትል ጋሼ ጋዜጣቸውን አጥፈው የዱቤውን ደብተር አስመጡና ከኋላው ባዶ ገጽ ገለጡ።

«ጥብሱን ስንት ነው የምትሸጪው?»

«አምስት ሺህ።»

«ስንትስ ያስወጣሻል?»

«ሥጋው ነው እንጂ ሌላው ምን አለው፣ ጋሼ።»

ሥጋው 1,500 ሆነ። ዘይት፣ ቅቤ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ሲደመር 600። ከዚያ እንጀራው መጣ። እትዬ እንጀራን ወጪ ብላ አታውቅም፤ ራሷ ጋግራው። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል እንዳይወጣ ስትከለክል ጤፍ እዚህ ብርቅ ሆኖ ነበር፤ ጥቂቱን ጤፍ ከሩዝና ከማሽላ ጋር እየደባለቀች ነው የምትጋግረው። ጋሼ ዱቄቱን በየዓይነቱ አስመዘኑ፣ ከአንድ ቡኮ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ አስቆጠሩ፣ ለጥብሱ የሚቀርበው ሁለት እንጀራ 1,200 ሽልንግ ሆኖ ተገኘ። ከሰሉ 300። ይህ ሁሉ 3,600 መጣ፤ ከአንድ ሰሀን 1,400 ይተርፋል ማለት ነው። እትዬ ደስ አላት።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣውን ለብቻው ጻፉት፤ የቤት ኪራይ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ የአስተናጋጇ ደመወዝ። ወሩን ለቀን ሲያካፍሉት በየቀኑ 51,000 ሽልንግ ሆነ። 51,000 ለ1,400 ሲካፈል 37 ሰሀን ይመጣል። እትዬ በቀን የምትሸጠው 30 ነው። ስለዚህ ቤቷ እየሞላ በየቀኑ 9,000 ሽልንግ ትከስር ነበር። ጋሼ ቁጥሩን አስምረውበት እስክሪብቶውን አስቀመጡ። እትዬ ቁጥሩን እያየች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ይገርመኛል፤ «አምስት መቶ ብጨምርስ?» አለች። ጋሼ እንደገና አካፈሉ። ከሰሀን የሚተርፈው 1,900 ሲሆን 37 የነበረው ወደ 27 ወረደ።

በማግስቱ ዋጋው 5,500 ሆነ። ደንበኞች አጉረመረሙ፣ ሁለት ሦስቱ ቀሩ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ። ጄኔሬተሩም ቀኑን ሙሉ መጮኹን ትቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይነሳ ጀመር። እትዬን ያተረፋት ተጨማሪ ብድር ወይም ተጨማሪ ደንበኛ አልነበረም። ለዓመታት እጇ ላይ የነበረ ነገር በአንድ ገጽ ላይ መደርደሩ ነው። በዚያ ወር ከእሷ በላይ ሰው የሚገባበት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለ ሌላ ምግብ ቤት ተዘጋ፤ ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ሸጦ ወደ ጁባ ሄደ። ስንት ሰሀን መሸጥ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም።

ጋሼ ቀጥሎ የነኩት ከሥጋውም ከናፍጣውም የከበደ ነገር ነበር። የቤቱንና የንግዱን ኪስ ለዩ አሉ። የእኛ ሰው መሳቢያው የእግዜር ነው ብሎ ያምናል። አገር ቤት እናት ታመመች ሲባል ከመሳቢያው ይወጣል፣ ለክርስትና ይወጣል፣ ለዕቁብ ይወጣል፣ ናይሮቢ ለተቸገረ የአጎት ልጅ ይወጣል። እትዬ ደግሞ ለራሷ ደመወዝ የላትም፤ ስትፈልግ ታነሳለች። ጋሼ ደመወዝ ቆረጡላት። «ለእናትሽ ላኪ፣ ከደመወዝሽ ግን» ሲሏት አኩርፋቸው ነበር። ለኔም ይህ ከባድ ሆኖ ይሰማኛል። የምንሠራው ለሰው እንድንተርፍ አይደለም ወይ? ግን መሳቢያው ባዶ የሆነ ዕለት ለእናት የሚላከውም እዚያው ያበቃል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም ከአንድ ቤት በላይ።

ዛሬም የሚያመኝ ግን የሁለት ሸሪኮች ነገር ነው። አብረው መንገድ የመጡ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ያደሩ ወዳጆች ነበሩ፤ ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ስንት ስንት እንዳዋጡ አልጻፉም። በወዳጅ መካከል ወረቀት እንደ ነውር ነው የሚታየው። አንዱ ፍሪጅ አመጣ፣ ሌላው የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ከፈለ፣ አንዱ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ሌላው ዕቃ ያመላልሳል። ሱቁ ሠራ። የተጣሉት ሱቁ ከሠራ በኋላ ነው፤ ቢከስር ኖሮ አብረው ያዝኑ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እኔም ጥግ ይዤ ሰማሁ። «ፍሪጁ የኔ ነው።» «ኪራዩን ማን ከፈለው?» «ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ቆሜ።» «ብድሩስ በማን ስም ነው?» ሽማግሌዎቹ ማስረጃ ጠየቁ፣ ማስረጃ የለም። እስከዛሬ የማምነው ሁለቱም አለመዋሸታቸውን ነው። እያንዳንዱ የራሱን ወጪ አስታወሰ፣ የሌላውን ረሳ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደግመዋለን፤ ሱቅ ስንከፍት ግን የምንይዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ዕቃው ለሁለት ተከፈለ፣ ፍሪጁ ተሸጠ። አንደኛው ዛሬ በሕይወት የለም። ሌላው ለቀብሩ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር።

ሒሳብ አለመያዝ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን የተረዳሁት ከአንድ ኡጋንዳዊ ጎረቤቴ ነው። ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ ውጡ ሲላቸው ሱቆቻቸው ለወታደርና ለባለሥልጣን ወዳጅ ታደሉ። ጎረቤቴ ልጅ ነበር፤ መደርደሪያው ሙሉ የነበረ ሱቅ በጥቂት ወራት ባዶ ሲሆን አይቷል። አዲሶቹ ባለቤቶች የተሸጠውን ሁሉ ትርፍ አድርገው በሉት፤ ዕቃውን የሚተካው ገንዘብ እዚያው ውስጥ እንዳለ አልታያቸውም። እኛም በ2011 ይህንኑ በትንሹ አየነው። የዋጋ ንረቱ በዚያ ዓመት ጥቅምት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን 23 በመቶ አደረሰው። ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው በየቀኑ ይወጣ ነበር። ጆንያውን ባለፈው ወር በገዛበት ዋጋ አስልቶ «አተረፍኩ» እያለ በኪሎ የቸረቸረ ባለሱቅ ሸጦ ሲጨርስ ግማሽ ጆንያ መግዣ ብቻ ነው የቀረው። ዋጋውን ነገ በሚገዛበት ያሰላው ተረፈ። እትዬ የዚያን ጊዜ ለጋሼ ስልክ ሳትደውል ሻዩን ራሷ አስልታ ዋጋ ጨመረች።

የዛሬዋ ቡኮቶ ሌላ ናት። የተማሪው ደብተር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ኤም ቲ ኤን በ2009 ሞባይል መኒን ካመጣ ወዲህ ቡና የጠጣ ሰው በስልኩ ይከፍላል፤ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ ቁጥሩ ሁሉ ይመዘገባል። ከ2016 ጀምሮ ሞካሽ የሚባለው አገልግሎት በስልክ ያበድራል፤ የሚያበድረውም የሰውየውን የስልክ ገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ነው። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የኡጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣን ኤፍሪስ በሚለው ሥርዓት የሚመለከታቸው ነጋዴዎች ደረሰኝ በቀጥታ ወደ እሱ ኮምፒውተር የሚተላለፍ ሆኗል። የስልክ ኩባንያው የሱቁን ሽያጭ ያውቃል። አበዳሪው ያውቃል። ግብር ሰብሳቢው ያውቃል። ባለቤቱን ግን ባለፈው ወር ስንት አተረፍክ በሉት፤ መልሱ ያው የድሮው መልስ ነው። «ይመስገነው፣ ይሠራል።» በጋሼ ጊዜ ቁጥሩ አልነበረም። ዛሬ ቁጥሩ ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ሌላው ሁሉ አንብቦታል፣ የቀረነው እኛ ነን።

ለዚህም ይመስለኛል ሒሳብ ሲባል ለግብር የሚያዝ ነገር ብቻ የሚመስለን። በሚያዝያ 2024 የካምፓላ ነጋዴዎች ኤፍሪስን ተቃውመው ሱቆቻቸውን ሲዘጉ ምሬታቸው ገብቶኛል። ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ሥርዓቱን ያስረዳቸው ጥቂት ነው፣ መሣሪያውም ስልኩም ወጪ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ካነጋገርኳቸው የእኛ ባለሱቆች አብዛኞቹ ያላወቁት አንድ ነገር በሕጉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የዓመት ሽያጩ ከ150 ሚሊዮን ሽልንግ በታች የሆነ ነጋዴ የሚከፍለው የቁርጥ ግብር ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ሁለት ዓይነት ነው፤ መዝገብ ለያዘና ላልያዘ። ዓመቱን 60 ሚሊዮን የሸጠ ሰው መዝገብ ከሌለው 400,000 ይከፍላል፣ መዝገብ ካለው 240,000። የሸጠው 100 ሚሊዮን ከሆነ ያለ መዝገብ 900,000፣ በመዝገብ 500,000። ደብተር ያልያዘው ሰው በየዓመቱ ይህን ልዩነት እየከፈለ መንግሥትን ያማርራል።

አገር ቤትም ቢሆን ያው ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በየከተማው ሱቅ ሲዘጋ ዘመዶቼ ስልክ ላይ አልቅሰዋል። ገማቾች መጥተው መደርደሪያውን አይተው፣ ሰው ስንት እንደሚገባ ጠይቀው ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ግምቱ የተጋነነባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ምንም አያከራክርም። ቅሬታ ለማቅረብ የሄዱት ግን የያዙት እንባቸውን ነው። ግምትን በወረቀት እንጂ በእንባ መርታት አይቻልም፤ ወረቀቱ ደግሞ ያንን ቀን ሳይሆን ከዓመት በፊት የሚጀመር ነገር ነው።

በቡኮቶ ጎዳና ወደ ኮሎሎ ሲወጣ የኡጋንዳ የተመሰከረላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች ተቋም ጽሕፈት ቤት አለ። በ1992 በሕግ የተቋቋመው ይህ ተቋም የአገሪቱን የሒሳብ አዋቂዎች ይፈትናል፣ ይመዘግባል። በናካዋም የማኬሬሬ የንግድ ትምህርት ቤት አለ፤ በየዓመቱ ሒሳብ የተማሩ ወጣቶች ከዚያ ይወጣሉ፣ ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊ ናቸው። ከእኛ ሱቆች እነዚህ ሁሉ ጋ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ግን ማን ሄዶ አንኳኳ? ሰው ለልጁ ሠርግ ለቪዲዮ አንሺው የተጠየቀውን ሳይከራከር ይከፍላል፤ አንዲት ወጣት በወር ሁለት ቅዳሜ መጥታ ሒሳብህን ትሥራልህ ሲባል «ምን አለኝና?» ይላል። እኔን ይህ መልስ ያስቆጨኛል። ትልቅ የሚሆነው ሒሳቡን የያዘ ትንሽ ነው። ትልቁም ቢሆን አይድንም፤ ኡቹሚ በ2015፣ ናኩማት በ2017 ከዚህ አገር ሱፐርማርኬቶቻቸውን ዘግተው ሲወጡ ብዙ አቅራቢዎች ገንዘባቸው ተይዞ ቀርቷል። ያልተከፈለው ዕዳ ስንት ወር እንደቆየ በየሳምንቱ የሚያይ አቅራቢ ቀድሞ ዕቃውን ያቆማል፤ የማያየው በሩ ሲዘጋ ይሰማል።

ደግነቱ አንኳኩቶ ሒሳብ ሠራተኛ ያመጣ አንድ ልጅ አለ። ቡና ቤት ያለው፣ የእትዬ የእህት ልጅ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኡጋንዳዊት ናት፣ ገና የሙያ ፈተናዋን እየወሰደች ያለች። ልጁ የጠራት ንቲንዳ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ስለነበር ነው፤ ቤት አይቶ፣ ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ፣ ብድር ሊጠይቅ። በወር ሁለት ሚሊዮን ያህል የሚተርፈው ይመስለው ነበር። የሞባይል መኒውን መዝገብና የደረሰኝ ክምሩን ይዛ ሁለት ቅዳሜ ተቀመጠች። ሽያጩ በወር አምስት ሚሊዮን ነው። ቡናው፣ ወተቱ፣ ስኳሩና የወረቀት ኩባያው 2,100,000፤ ኪራይ 900,000፤ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ 700,000፤ መብራት፣ ውኃና ጥገና 400,000። የቀረው 900,000 ነው። እሱ ግን ለቤቱም፣ ለዘመዱም፣ ለዕቁቡም በወር 1,150,000 ሲያነሳ ቆይቷል። ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ያሰበው ልጅ የመጀመሪያውን በየወሩ በ250,000 እየበላው ነበር።

ተናደደ፤ በእሷም ተናደደ። ድምሩን ራሱ ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ለራሱ 600,000 ደመወዝ ቆረጠ፣ 300,000ውን ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረ፣ የንቲንዳውን አከራይ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ቤቱን በሳምንቱ ሌላ ሰው ያዘው። ይህ ከሆነ አራተኛ ወሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ከመድረሷ በፊት ደምሮ ይጠብቃታል። ባለፈው ሳምንት የወተቱ ሒሳብ በ12,000 ሽልንግ አልገጠመም፤ ደረሰኝ በደረሰኝ ሲፈልጉት አመሹና ለአንድ ማክሰኞ ወተት ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ተገኘ። ሰኞ ጠዋት ወተት አምጪው ሲመጣ ወረቀቱን አሳዩት። አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ከዕለቱ ሒሳብ ላይ ቀነሰላቸው።